ታጓ በርዷታል

«በደንብ አስታውሳለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው!

አትቆጡ እንጂ… እናንተን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከራሴ ነው የምጀምረው። ታሪክ ያጠናሁ ሰው ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ከነቅርንጫፉ በቃሌ እወጣው ነበር። ዛሬ ጁባ ውስጥ ጠዋት ጥርሴን መፋቄን ለማረጋገጥ ብሩሹን በጣቴ ዳስሼ እርጥበቱን እመረምራለሁ። ምን ላድርግ! ያለ ማስረጃ መደምደም በሙያችን ነውር ነው።

ለመሆኑ ራሱን ለሚጠራጠር ሰው ምን ዓይነት መኪና ይገባዋል ትላላችሁ? እሱን የሚጠራጠር!

መኪናዬን የገዛሁት ጁባን ለቅቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጠንቃቃ የውጭ አገር ሰው ላይ ነው። ጥንቃቄው ልክ ስላልነበረው የስርቆት መቆጣጠሪያ አስገጥሞበት ኖሯል። መሣሪያው ከመኪናው ሆድ የት ላይ እንደተቀበረ ሻጩም ገዢውም አናውቅም፤ ነቅዬ እጥላለሁ ያለ ግን ሞተሩን አብሮ ይሰናበታል ተብሏል። ይህ ስውር መሣሪያ ከተምር ፍሬ እምብዛም ከማትበልጥ አንዲት ጥቁር ፕላስቲክ ጋር ዘወትር ይነጋገራል። ታግ ይሏታል። ሾፌሩ በኪሱ ይይዛታል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ታጓ አጠገቡ ከሌለች መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ከገጠመው ድርጅት የቁጥጥር ክፍል ስልክ ይደወላል፤ ማንነታችሁን ማስረዳት ካቃታችሁ ሞተሩ ይቆለፋል። በአጭሩ፣ መኪናዬ የሚያውቀው እኔን አይደለም። ታጓን ነው። እኔ የታጓ ተሸካሚ ነኝ።

ከመኪናው ጋር የተረከብኩት ሁለት ታግ ነበር። አንዷን ለክፉ ቀን ብዬ ፈጽሞ በማልረሳው ቦታ አስቀመጥኳት። እስከ ዛሬም እዚያው በሰላም ትኖራለች፤ የት እንደሆነ የማውቅበት ቀን ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

በቅርቡ ታዲያ ወደ ቢሮ ስሄድ መኪናው ሲጥ ሲጥ አለ። ስልኬ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ ታጉ መኪናው ውስጥ የለም» አለችኝ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ በእንግሊዝኛ።

ኪሴን ዳበስኩ። አለች። «አለች እኮ!» አልኳት።

«የለም፣ ጌታዬ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር። እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን ነገር መያዜን ተጠራጠርኩ! ምናልባት ኪሴ ውስጥ መኖሯን የማስታውሰው የትናንቱን ይሆን? እያልኩ… የይለፍ ቃሌን ተናግሬ በስንት ልመና ታለፍኩ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሳልስቱም። ባለቤቴ ፀዳለ ፍርዷን ለመስጠት ምስክር መስማት አላስፈለጋትም።

«ረስተሃት ሄደህ ነዋ!»

«ይኸው ኪሴ ውስጥ ናት።»

«አሁን ነው የከተትካት።»

«መቼ?»

«አየህ? እሱንም አታስታውስም!»

እንዲህ ያለውን ክርክር እንዴት እንደሚረቱት የትኛውም መምህሬ አላስተማረኝም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የጸሎት ቡድኑ እናቶች ከበውኝ እጅ ጫኑብኝ። አንዷ እናት «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን የረሳውን ሁሉ አስታውሰው!» ሲሉ ፀዳለ ከኋላ ሆና «አሜን! ከነቦታው!» ብላ አከለችበት። አሜን አልኩ። ምን እላለሁ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እናንተንም ባላስቸገርኩ። ግን የፀዳለ ታናሽ እህት ሜሮን ልትዳር ነው። ሙሽሪት ከእኛ ቤት፣ ከኮር ዊሊያም ተነሥታ፣ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግራ፣ ጉምቦ ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። በምን? በእኔ መኪና! ይህ ክብር ለእኔ መሰጠቱ በቤተሰቡ ጉባኤ ላይ ብዙ አነጋገረ። ወላጅ አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ሊድሯት ከአዲስ አበባ የመጡት አጎቷ ጋሽ ፈለቀ ደገፉኝ። ፀዳለ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ወዳጄ ኑሪ ደግሞ፣ ሸሪካት ሰፈር የጅምላ መደብር ያለው ነጋዴ ነው፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀና፣

«ኡስታዝ፣ አንተ ሙሽሪትን ረስተህ ሄደህ ጉምቦ ስትደርስ ነው የምታስታውሳት። ለማንኛውም የእኔ ፒክአፕ ከኋላ ይከተላል። ሽንኩርቱን ወደ ጥግ እገፋዋለሁ» አለኝ፤ ኡስታዝ ጁባ ውስጥ የተማረን ሰው የሚጠሩበት ነው።

ሳቁብኝ። ሜሮን ብቻ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እባክህ… በሽንኩርት መኪና እንዳልገባ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ቃል መግባቴን በደንብ… ተዉት።

ሠርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ መኪናው እንደ ልማዱ ሲጥ ሲጥ ሲል ድምፀ መልካሟ ልጅ እንደዘበት አንድ ነገር ጣል አደረገች።

«ጌታዬ፣ ምናልባት የታጉ ባትሪ አልቆ ይሆናል።»

መኪናዬን ዳር አቁሜ ዕልል ለማለት ጥቂት ቀረኝ። ባትሪ! እኔ ታጓን አልረሳኋትም፤ ረስታኝ የኖረችው እሷ ናት! «ታዲያ ባትሪዋ ይቀየርላታ!» ስላት፣ ታጓ የታሸገች እንደሆነች፣ እንደማትከፈት፣ በአዲስ ብቻ እንደምትተካ፣ አዲሷም ከባሕር ማዶ እስክትመጣ በትዕግሥት መጠበቅ እንዳለብኝ በትሕትና አስረዳችኝ። ማንም እንዳይከፍታት አድርጎ የሠራት ሰው፣ ባትሪ የሚባል ነገር እንደሚያልቅ ማን ይንገረው?

ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «እኔ አይደለሁም! ባትሪው ነው ያለቀው!» ብዬ ጮህኩ።

ፀዳለ የሙሽራ ጥብጣብ እየቋጠረች ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ ምን እያልኩህ ነው የኖርኩት? ባትሪህ አልቋል ነው የምልህ!»

ጊዜ አልነበረም። ኑሪ ከገበያ ትክክለኛዋን፣ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ገዝቶ ላከልኝ። እኔም ከግቢያችን የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ ስዬ፣ ታጓን ለቀዶ ሕክምና አስተኛኋት። መገጣጠሚያዋን ስፈልግ፣ ስፍቅ፣ ስሰነጥቅ… እንደ ምንም ተከፈተች። አሮጌዋን ባትሪ አውጥቼ ከአዲሷ ጎን አስቀመጥኩ። ሁለቱ በመልክ መንትዮች ነበሩ፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ብልጭታ። በዚህ መካከል ከቢሮ ስልክ ተደወለልኝና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ የነበሩትን ባትሪዎች አይተዋል?»

ጋሽ ፈለቀ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው በጣታቸው ወደ ዶሮው ቤት ጣሪያ አመለከቱኝ። ሁለቱ ባትሪዎች በጋለው ቆርቆሮ ላይ ጎን ለጎን ተሰጥተዋል!

እንደ እኔ በሬዲዮ ዘመን ያደጋችሁ ሰዎች ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷችኋል። ድንጋይ የምንለው የሬዲዮ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሞቅ ሲለው ቢያንስ ለአንድ ዜና ነፍስ ይዘራል። ጋሽ ፈለቀ ሬዲዮናቸውን ለዓመታት ያኖሩት በዚህ ጥበብ ነው።

«ድንጋይ ጥላ ውስጥ አስቀምጠህ ትሄዳለህ? ይኸን የመሰለ ፀሐይ በነፃ እያለላችሁ!» አሉኝ።

«ይሁን፣ ጋሼ። አዲሷንስ ለምን?»

«ከወዲሁ ትልመድ ብዬ ነዋ።»

«እሺ… አዲሷ የትኛዋ ናት?»

«ያቺ ናታ።»

«ያቺ የትኛዋ?»

«አንተ ያስቀመጥካት በስተቀኝ ነበር።»

«በእኔ በስተቀኝ ወይስ በእርስዎ?»

ጋሽ ፈለቀ ጺማቸውን አሻሹ። እኔም አሻሸሁ። እኔ በስተግራ አስቀመጥኳት ባይ ነኝ፤ እሳቸው በስተቀኝ አገኘኋት ባይ ናቸው፤ ሲያነሷቸውም ሆነ ሲያሰጧቸው ቦታ መለዋወጣቸውን ሁለታችንም ልንምል አንችልም። ሁለት የዓይን ምስክሮች ሲጋጩ ወደ ቁሳዊ ማስረጃ መሄድ የሙያችን ሕግ ነው። ስለዚህ አንዷን አንሥቼ ታጓ ውስጥ ከተትኩ። ቀይ መብራቷ ጥቅስ አለች! መኪናውን አስነሥቼ ግቢ ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነዳሁት። ሲጥ የሚል የለም። ዝም! የመቃብር ዝምታ!

«ይኸው ማስረጃ» አልኩ፤ ታጓንም በሱፐር ግሉ ግጥም አድርጌ አሸግኳት። ጋሽ ፈለቀም «የሞተ ነገር ከሠርግ ቤት አይውልም» ብለው የቀረችውን ባትሪ ከአጥር ማዶ ወረወሯት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ሰው ሱፐር ግሉ አልገጠመውም።

የሠርጉ ቀን መኪናዬ ጥብጣብና አበባ ለብሶ ራሱ ሙሽራ መሰለ። ከፊት እኔና ጋሽ ፈለቀ፤ ከኋላ ሜሮን፣ ፀዳለና አንዲት ሚዜ። የጁባ ሙቀት የሜሮንን ኩል እንዳያወርደው ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ታጓንም ለዚህ ክብር ያበቃችኝ ናትና ኪስ ውስጥ አልከተትኳትም፤ ከኤሲው አፍ ፊት ለፊት እንደ ኒሻን አንጠለጠልኳት። ሁሉም ይያት! ከኋላችን ኑሪ በፒክአፑ ጥሩምባ እየነፋ ይከተላል።

መንገዱን ሁሉ ሲጥ የሚል የለም። በመስታወቱ ፀዳለን አየኋት። «ማን ነው ባትሪው ያለቀው?» አልኩ።

«እስክንደርስ ዝም በል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ድልድዩ ላይ ልክ እንደወጣን…

ሲጥ!

ሰማሁ አልሰማሁም ብዬ ዘፈን ጀመርኩ። ሲጥ ሲጥ! ስልኬ ጮኸ። ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ተደርድረው ይሳባሉ፤ ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ታች ነጭ ዓባይ፣ ዳርና ዳር ወታደር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት።

«ጌታዬ፣ ታጉ መኪናው ውስጥ የለም።»

«ፊት ለፊቴ ተንጠልጥላለች፣ እኅቴ! እያየኋት ነው!»

«የይለፍ ቃልዎ?»

ይህን ቃል ጧትና ማታ ስናገረው የከረምኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ!

«እንግዲያው የማረጋገጫ ጥያቄ» አለች። «የመጀመሪያው መኪናዎ ቀለም ምን ነበር?»

«ነጭ» አልኩ።

«ሰማያዊ ነበር!» አለች ፀዳለ ከኋላ በአማርኛ።

«እኔ የማውቀው ቀይ ነው» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«እሱ የወንድምዎ መኪና ነው፣ ጋሼ!» አለቻቸው ፀዳለ።

«በላይዋ ነጭ፣ በታችዋ ሰማያዊ አልነበረችም?» አልኩ እኔ ደግሞ።

ከወዲያ ማዶ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጌታዬ… አብረውዎት ያሉትን ሰዎች ያውቋቸዋል? ታግተው ከሆነ ‹አዎ› ብቻ ይበሉ» አለችኝ።

«ኧረ በጌታ! ሠርገኞች ናቸው!»

«ሊሆን ይችላል። ግን ታጉ ካልታየኝ ሞተሩን እንድቆልፍ ታዝዣለሁ።»

ከኋላችን ኑሪ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኡስታዝ! ሙሽሪትን ወዲህ በላት! ከሽንኩርቱ ጎን ቦታ አለ!» ይላል። አንድ ወታደርም ወደ እኛ እየመጣ «አረቢያ ዴ ታ ሙኑ?» አለ፤ መኪናው የማነው ማለቱ ነው። ዕድሌን እዩልኝ! በስልክም በአካልም የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፤ እኔም መልሱን ማስረዳት አቃተኝ።

በመስታወቱ ሜሮንን አየኋት። አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ በነጭ ጓንቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣለች። ቤተሰቡ ሁሉ ቃሌን አምኖ ይችን ልጅ መኪናዬ ላይ አሳፍሯታል፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያ መኪናዬን ቀለም እንኳ አላውቅም!

በዚህ ጊዜ ጋሽ ፈለቀ እጃቸውን ዘርግተው ታጓን ነካ አደረጓትና ቶሎ ሰበሰቡት።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር በረዶ ሆናለች እኮ!»

«እህ?»

«በርዷታል! ድንጋይ በርዶት ይሠራል?»

ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በራ። ያሸግኳት አሮጌዋን ነበር! ትናንት ጥቅስ ያለችው አዲስ ስለሆነች ሳይሆን ቆርቆሮ ላይ ስለተጠበሰች ነው። ሙቀቷ እስከ ድልድዩ አደረሳት፤ ኤሲው ቀሪውን ጨረሰ። አዲሷ ባትሪ ደግሞ ከአጥራችን ማዶ ሣር ውስጥ ሙሉ ጉልበቷን ይዛ ተኝታለች። የቆጡን አወርድ ብላ…

«የብብቷን ጣለች» ልትሉ ነው። ጋሽ ፈለቀ ግን አልጣሏትም። ታጓን ከተንጠለጠለችበት መንጭቀው፣ የሱፍ ኮታቸውን ከፍተው፣ ብብታቸው ሥር ካለው የውስጥ ኪስ ወሽቀው፣ ክንዳቸውን ግጥም አደረጉ። «ያንን ንፋስ አጥፋው!» አሉ።

እጄ ኤሲው ላይ ደርሶ ቆመ። የሜሮን ኩል፣ የሜሮን ዱቄት፣ የሜሮን ፀጉር… ያ ሁሉ የጧት ልፋት!

«ጋሼ፣ አጥፋው!» አለች ሙሽሪት። «መስኮቱንም እንዳትከፍቱት! ቀልጬም ቢሆን በዚህ መኪና ነው የምገባው!»

ኤሲው ጠፋ። መኪናው ዳቦ መጋገሪያ ሆነ። ሚዜዋ በእቅፍ አበባው ሜሮንን ታራግባለች፤ ፀዳለ መጸለይ ጀመረች፤ ጋሽ ፈለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ረግተው ተቀምጠዋል። ወታደሩ መስታወቱን አንኳኳ። ፀዳለ መስኮቱን በጣት ቀዳዳ ያህል ዝቅ አድርጋ «አሩስ! አሩስ!» አለችው፤ ሙሽራ፣ ሙሽራ። ጎንበስ ብሎ በላብ የራሰችውን ሙሽራ፣ የራሰችውን ሚዜ፣ ብብታቸውን የጨበጡትን ሽማግሌና መሪውን የሙጥኝ ያለውን ሾፌር ተራ በተራ አየ።

«መብሩክ» አለ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ፊቱ ላይ ያነበብኩት ግን ሐዘኔታ ነበር።

ሲጥታው ቆመ።

«አሁን ታየኝ፣ ጌታዬ» አለች ልጅቱ በስልኩ። «እርስዎ ነዎት። መልካም ጉዞ።»

እኔ መሆኔ እንዲህ ያስደሰተኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሜሮን ጉምቦ ስትደርስ ኩሏ እስከ ጉንጯ ወርዶ ነበር። ሙሽራው ግን በደስታ እንዳለቀሰች ቆጥሮ እሱም አለቀሰ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ያየ ጉባኤ ዕልልታውን አቀለጠው። ከዚያ የበለጠ የሠርግ ፎቶ አላየሁም። ኑሪ ለእንግዳው ሁሉ ከመደብሩ ያመጣውን ምርጥ ተምር ሲያድል፣ በየጠረጴዛውም የድልድዩን ታሪክ እየጨመረበት ሲያወራ ዋለ። ኋላ ላይ ስሰማው ጋሽ ፈለቀ ባትሪውን በትንፋሻቸው ነበር ያስነሡት። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ጋሽ ፈለቀ ራሳቸው በሶፍት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር እጄ ላይ አኖሩና፣ በዕልልታው መሐል አንድ ነገር ብለውኝ አለፉ። ኪሴ ከተትኳት።

«ታጓን ተቀበልካቸው?» አለችኝ ፀዳለ ማታ።

«በእጄ ተቀብያለሁ። በደንብ አስታውሳለሁ!» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ሰኞ ጋሽ ፈለቀን በሠርጉ ዕለት ከለበሱት ኮታቸው ጋር አውሮፕላን ጣቢያ አደረስኳቸው። መንገዱን ሁሉ መኪናው ፀጥ እንዳለ ነው። ተሳስመን፣ ተመራርቀን ተለያየን። እኔም ወደ ቤቴ መንገድ ስጀምር…

ሲጥ!

በርዷት ይሆናል ብዬ ኪሴ ገባሁ። ሶፍቱን ብብቴ ሥር ወሸቅሁት። ሲጥ ሲጥ! የበለጠ ጨበጥኩት። አንድ የሚያጣብቅ ነገር ሸሚዜን ነካኝ። አውጥቼ ፈታሁት። የኑሪ ተምር! ለካ ጋሽ ፈለቀ በዕልልታው መሐል ያሉኝ «ጥርሴ አልቻለውም፣ አንተ ብላው» ኖሯል።

ስልኬ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ ታጉ መኪናው ውስጥ የለም። የት እንዳለ ያስታውሳሉ?»

በዚያው ቅጽበት ከራሴ በላይ አውሮፕላኑ አጓርቶ ተነሣ፤ ክንፉን ዘንበል አድርጎም ወደ አዲስ አበባ አቀና። አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ደመና ውስጥ እስኪገባ በዓይኔ ሸኘሁት።

«አዎን፣ እኅቴ» አልኳት። «በደንብ አስታውሳለሁ።»